ስልሳ ሦስት ቅጂ

«ሠላሳ ዘጠኝ… አርባ… አርባ አንድ…»

ቆጣሪዋ ጣቷን እየቀሰረች በወንበሮቹ መሀል ስትራመድ ድንቢጥ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትከታተላት። ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ክንዷን ጨምድዳ ይዛዋለች። ነገ መበለዙ አይቀርም፤ ይበልዝ!

«አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። አርባ አራት። እጃችሁን ማውረድ ትችላላችሁ።»

አፈ ጉባኤው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ድጋፍ አርባ አራት፣ ተቃውሞ አሥራ ሦስት። ስድስት አባላት አልተገኙም። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቁጥር ሰባት በዚህ ምክር ቤት ጸድቋል።»

በሕዝብ መቀመጫ ላይ መጮህ ክልክል ነው። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ድንቢጥም ስትገባ አንብባዋለች። ቢሆንም ጮኸች። ዘበኛው ሊቆጣት ዞር ብሎ ፊቷን ሲያይ ምን እንደታየው እንጃ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ደበቀ።

«አቦ ቅደጂያት!» አለች ጓደኛዋ ደረጃውን ሲወርዱ። «ያቺን የማትረባ ቅጽ አሁኑኑ ቅደጂያት!»

ይህችን ልጅ ክፍሉ በሙሉ «ጠበቃዋ» ነው የሚላት። ለግማሽ ማርክ ከመምህር ጋር ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ድንቢጥ ደግሞ ድንቢጥ የተባለችው ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ እናቷን በቁመት አልፋ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ቅጿ በሒሳብ ደብተሯ ሽፋን ውስጥ አራት ቦታ ታጥፋ ተቀምጣለች። ርዕሷ «የውጭ አገር ዜጋ ተፈታኝ መመዝገቢያ» ይላል። ድንቢጥ እዚሁ ከተማ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ በየጠዋቱ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ መዝሙር ዘምራ፣ ለብሔራዊ ፈተና መመዝገብ ሲመጣ «አባትሽ የውጭ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ አንቺም የውጭ ሰው ነሽ» ተባለች። ሕገ መንግሥቱ «ዜግነት ከአባት ይተላለፋል» ነው የሚለው። አባቷ ድልድይ ሊሠራ መጥቶ፣ ድልድዩን ጨርሶ፣ እሷ ሳትወለድ የሄደ መሐንዲስ ነው። ድልድዩ አሁንም አለ። የአባቷን አገር ግን በካርታ ላይ ካልሆነ አታውቃትም።

ያችን ቅጽ የሞላ ይፈተናል። ግን በገዛ እጁ «የውጭ ዜጋ ነኝ» ብሎ ፈርሟልና ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የለ፣ የመንግሥት ሥራ የለ፤ በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃድ እያሳደሱ መኖር ነው። ያልሞላ ደግሞ ጭራሽ አይፈተንም። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።

«ማሻሻያው መጀመሪያ በመንግሥት ጋዜጣ ይውጣ፤ ያን ዕለት እቀዳታለሁ» አለች ድንቢጥ።

«ፈሪ! የሚፈለገው የዘጠኝ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ነው። የኛው ዘጠነኛ ነው። ሞላ፣ አለቀ፣ ደቀቀ!»

ድንቢጥ ግን ወደ ምድር ቤት እየሮጠች ነበር። የእናቷ የሥራ ቦታ፣ ማባዣ ክፍሉ፣ እዚያ ነው። ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽኖች አሉ፤ አንደኛዋ «አሮጊቷ» ትባላለች፣ ወረቀት በጎረሰች ቁጥር ታቃስታለች። እናቷ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የምክር ቤቱን ወረቀት ያባዛችው እዚህ ሙቀት ውስጥ ነው። ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኛ እናባዛለን እንጂ አናነብም።» ኩራቷም ይኸው ነው። ስንት የሹመትና የሽረት ወረቀት በእጇ ሲያልፍ አንድም ቀን ከአፏ ቃል አልወጣም።

ዛሬ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጣ በስካርፏ ዓይኗን ስትጠርግ አገኘቻት።

«ጩኸትሽ እዚህ ድረስ ተሰማ እኮ! አሳፈርሽኝ!» አለች እናቷ፤ ትስቃለችም ታለቅሳለችም። ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ላይ በስቴፕለር የተያያዘ ቀጭን ወረቀት አነሳች። «ካልመጡት አባላት ወንበር ላይ የተረፈ ነው። አንዱን ለማስታወሻ ያዢው፣ ድንቢጤ።»

ማታ ከእናቷ ጋር ቤት ሲደርሱ ድንቢጥ ቦርሳዋን እንኳ በወጉ አላስቀመጠችም። አልጋዋ ራስጌ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ብሔራዊ ፓርላማው ያሳለፈው የማሻሻያው ሙሉ ቃል ነው። በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለት ንዑስ አንቀጽ አለው። አንደኛው «ዜግነት ከእናትም ሆነ ከአባት ይተላለፋል» ይላል። ሁለተኛው «ይህ አንቀጽ ከመጽደቁ በፊት ለተወለዱትም ይሠራል» ይላል። ድንቢጥ የምትወደው ሁለተኛውን ነው። ያለ እሱ አንደኛው ነገ ለሚወለዱ ሕፃናት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለእሷ ምንም አይፈይድላትም።

የማስታወሻውን ቅጂ ከጋዜጣው ጎን ልትለጥፈው ገለጠችው። አንደኛውን አነበበች። ሁለተኛውን ፈለገች። ገጹን ገለበጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው። ከግርጌው፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ለሕዝብ ውይይት የቀረበ ረቂቅ» ይላል። ጋዜጣውን ከግድግዳው ላይ ላጠችው።

ወደ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ እያንጎራጎረች ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማ፣ ይሄ ወረቀት ከየት ነው?»

«ከስልሳ ሦስቱ ነዋ። ምነው?»

«ሁሉም እንደዚህ ናቸው?»

«አንድ ዓይነት ካልሆኑማ ምኑን ማባዣ ሆንኩት?»

ድንቢጥ ጋዜጣውንና ቅጂውን ጎን ለጎን ዘረጋችላት። እናቷ እጇን በፎጣ ጠርጋ፣ በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች አየች። ጋዜጣው ላይ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ ወደ ቅጂው ተሻገረ፤ የሚያርፍበት አጣ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ረቂቁ «ለመረጃ» ተብሎ ወደየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሲላክ፣ እናቷ በአሥራ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታባዛውን ወረቀት አነበበች። «ከእናትም» የሚለውን ስታይ እንባዋ መጣ። ቀን አልጠበቀችም። ወረቀት በየወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ያቺ የድምፅ ቀን ስትመጣ «ወረቀት የለም፣ ይቆይ» እንዳይባል ፈራች። ማንም ሳያዛት፣ በዚያው ዕለት፣ ለስልሳ ሦስቱም አባላት አባዝታ፣ አያይዛ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ኋላ ፓርላማው ያሳለፈው ቃል ሲመጣ ቁጥሩም ርዕሱም ያው ነበር። «አባዢና አድዪ» ተባለች። እሷ ደግሞ አባዝታ ጨርሳለች። መደርደሪያው ላይ ወጥታ አወረደችው፣ አቧራውን ጠረገች፣ አደለች።

«በሕይወቴ ያነበብኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው» አለች እናቷ። «እሱ ብቻ! ወይኔ ጉዴ!»

«አባላቱስ አላዩትም?»

«ማን ያነባል ብለሽ? ርዕሱን ያያሉ፣ እጃቸውን ያወጣሉ።» ከዚያ ድንገት የድንቢጥን እጅ ያዘች። «ስሚኝ። ወደ ዋናው ከተማ የሚሄደው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ‹ቁጥር ሰባት ጸድቋል› ይላል፣ ማኅተም አለው፣ በቃ። ዝም በዪ፣ የኔ እናት። ለማንም እንዳትናገሪ። ለዚያች ምላሰኛ ጓደኛሽም ቢሆን።»

«እሺ» አለች ድንቢጥ። ምን ልትል ትችላለች?

በማግስቱ የሥነ ዜጋ መምህሩ ገና ክፍል ሲገባ ጠመኔውን አቀበላት። «ዛሬ እኔ አላስተምርም። ባለጉዳይዋ ታስተምረናለች።»

ክፍሉ አጨበጨበ፤ አንዱ አፏጨ። ድንቢጥ ወጥታ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ሣለች።

«መጀመሪያ ሐሳቡ ይቀርባል» አለች የመጀመሪያውን ሳጥን እየነካች። «አንድ ሰው ብቻውን ተነስቶ አያቀርብም፤ ከፓርላማው አባላት አንድ ሦስተኛው መፈረም አለባቸው። ከዚያ ረቂቁ ለሦስት ወር ለሕዝብ ውይይት ይወጣል። ሰው ያየዋል፣ ይተቸዋል፣ የጎደለው ይጨመርበታል።» የሷ ንዑስ አንቀጽ የተጨመረው እዚህ ጋ ነበርና ድምፅዋ ሰለል አለ። «ቀጥሎ የፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሳለፍ አለባቸው። ይሄም ሆኖ ገና ሕግ አይደለም። ወደ አሥራ ሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ይሄዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ የዘጠኙ ምክር ቤቶች ካጸደቁት ነው የሚጸናው።»

«ምን እንዲህ አካበዱት?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንተ ካልሲህን እንደምትቀይረው ሕገ መንግሥት በየዓመቱ እንዳይቀየር ነዋ!» አለች ጠበቃዋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «አንድ ነገር ረሳሽ። ዘጠኙ የሚያጸድቁት ምንን ነው? አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ቢያጸድቅስ?»

ጠመኔው በጣቶቿ መሀል ተሰበረ። «አንድ ዓይነት ቃል መሆን አለበት» አለች ወደ ሰሌዳው እንደዞረች። «ፓርላማው ያሳለፈውን ራሱን።»

«ጎበዝ። ቁጥር አራት ማሻሻያ ላይ የሆነውን እናንተ አታውቁም፤ ልጆች ነበራችሁ። ስለ መሬት ውርስ ነበር። አንዱ ክፍለ ሀገር ያጸደቀው ወረቀት አንድ ገጽ ጎድሎት ኖሯል። ማንም ልብ አላለም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ተቃዋሚ መዝገብ ቤት ገብቶ አገኘና ፍርድ ቤት ወሰደው። ማሻሻያው ተሰረዘ። በእሱ መሬት ያገኙ ሴቶች በሙሉ መልሰው ተነጠቁ። ጊዜው አልፏልና እንደገና ማጽደቅም አልተቻለም።»

ድንቢጥ እንዴት ቦታዋ ተመልሳ እንደተቀመጠች አታስታውስም። ደብተሯ ጠርዝ ላይ ቀን ትቆጥር ጀመር። ዓመቱ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።

በእረፍት ሰዓት ጠበቃዋ ጥግ አስይዛ አፋጠጠቻት። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል። እንዳትዋሺኝ፣ ስትዋሺ አፍንጫሽ ነው የሚቀላው።»

ድንቢጥ ነገረቻት። ጠበቃዋ አፏን ከፍታ ሰማች።

«ዝም በያ!» አለች በመጨረሻ። «ሞኝ ነሽ እንዴ? ማነቂያ ገመድሽን ራስሽ ልታቀብያቸው?» ከዚያ ግን ግንባሯ ተቋጠረ። መከራከር ስትጀምር ከራሷም ጋር ነው የምትከራከረው። «አሥራ ሦስቱ የተቃወሙት… እነሱም እኮ ያንን ወረቀት ቤታቸው ይዘው ሄደዋል።»

«አዎ።»

«ከእነሱ አንዱ ሥራ ሲፈታ አውጥቶ ቢያነበው…»

«አዎ» አለች ድንቢጥ እንደገና።

ማታ ራት አልተበላም። ድንቢጥ የመሬቱን ነገር ለእናቷ ነገረቻት። «ዛሬ ከተናገርን አሥራ አንድ ቀን አለን፣ እማ። ትክክለኛውን ይዘው ድጋሚ ድምፅ ይሰጣሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከተገኘ ግን ምንም የለንም። እኔም ብቻ አይደለሁም። መታወቂያ ያወጡት ሁሉ ይቀማሉ።»

«ሥራዬስ?»

ቤቱን የምታስተዳድረው እናቷ ብቻ ናት።

«እኔ ልንገራቸው?» አለች ድንቢጥ። «ከልጅ ሲሰሙት ይሻል ይሆናል።»

«አንቺ ምን አጠፋሽና? እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው እናገራለሁ።» እናቷ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። «አብረሽኝ ትመጫለሽ ግን።»

የምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው፣ ወረቀት ሲያነቡ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀስ ሰው ናቸው። ቅጂውንና ጋዜጣውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«አሥራ ሰባት፣ ጋሼ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት አንድም ስህተት ሳትሠሪ ኖረሽ ለዚህ አስቀመጥሽው?» አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ስልክ አንስተው የምስክር ወረቀቱ እንዳይላክ አዘዙ። ከዚያ ወረቀት ላይ ደመሩ። «አባላቱ ዕረፍት ወጥተዋል፤ በየአገሩ ተበትነዋል። አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጥሪውን አዘጋጅቶ ለማድረስ ደግሞ ሦስት ቀን። ዓመቱ የሚሞላበት ቀን ላይ ወደቀ። እዚያች ቀን ላይ አርባ ሁለት ሰው ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ስብሰባም የለም።»

«አርባ አራቱ ደግፈዋል እኮ!» አለች ድንቢጥ።

«እግዜር ይርዳሽ፣ ልጄ፣ ሁሉም ይምጡልሽ» አሉ ጸሐፊው። ለእናቷ ደግሞ ጉዳይዋ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን ትክክለኛውን ስልሳ ሦስት ቅጂ እንድታዘጋጅ ነገሯት።

ያን ሳምንት እናትና ልጅ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እናቷ አሮጊቷን ስታስቃስት ዋለች። ድንቢጥና ጠበቃዋ ከትምህርት ሲወጡ የአባላቱን ስልክ ይደውሉ ነበር። ግማሹ አያነሳም። ያነሱት «እሺ፣ እንመጣለን» አሉ። አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል። ሁለቱ ለሥልጠና ከአገር ወጥተዋል። አንዷ አራስ ናት፤ «ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ!» ብላ አለቀሰች።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ ቆጣሪዋ መዝገብ ይዛ ቆማለች። ረፋዱ ላይ ሠላሳ አንድ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ከአውቶቡስ ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ገቡና አርባ ሆነ። ከዚያ በሩ ዝም አለ።

ድንቢጥ በኮሪደሩ መስኮት ወደ ውጭ ስታይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ታያት። በረንዳው ላይ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአሥራ ሦስቱ ናቸው። ከተማው ውስጥ ናቸው፣ እዚሁ ናቸው፣ ሻይ ይጠጣሉ። አንደኛውን ታውቃቸዋለች። የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ናቸው። አራተኛ ክፍል አንደኛ ስትወጣ መዝገበ ቃላት ሸልመዋታል፤ ግንባሯንም ስመዋት ነበር።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች ጡሩምባ የነፋባት ሹፌር ያውቃል። ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጎደለው።»

«የኔ አንደኛ!» አሉ ዳይሬክተሩ፤ አልረሷትም። «አውቃለሁ፣ ልጄ። እኛም እየቆጠርን ነው።»

«ይግቡና ይቃወሙ። እጅዎን ለተቃውሞ ያውጡ፣ ምንም አልልም። ብቻ ይግቡ።»

ዳይሬክተሩ ሌሎቹን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔና አንዱ ብንገባ አርባ ሁለት ይሞላል፣ ስብሰባው ይከፈታል፣ በአርባ ድምፅ ያልፋል። ስለዚህ ገብቼ ከመሸነፍ ውጭ ተቀምጬ ባሸንፍ ይሻለኛል። እንዲህ እንዲሆን የፈቀደው ሕጉ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«እኔን ያውቁኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«አንቺን ጠልቼ መሰለሽ? በሩ አንዴ ከተከፈተ ማን እንደሚገባ አይታወቅም፤ ለዚያ ነው።»

«እኔ እኮ ውስጥ ነኝ» አለች ድንቢጥ። «እዚሁ ነው የተወለድኩት። ከየት ነው የምገባው?»

ዳይሬክተሩ ስኳሩ ከሟሟ የቆየውን ሻይ ማማሰል ጀመሩ። ከሌሎቹ አንዱ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ከለለ። ለአፍታ የሚነሱ መሰላት፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ነበር። ግን አስተናጋጁን ለመጥራት ነው። «ለልጄ አንድ ሻይ» አሉ።

ድንቢጥ ሻዩን አልጠበቀችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አፈ ጉባኤው ባዶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቆሙ። «ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባው አልተካሄደም» አሉ። ማሻሻያ ቁጥር ሰባት፣ ስምንት ክፍለ ሀገሮች ብቻ አጽድቀውት፣ ጊዜው አለፈ። በሕጉ መሠረት ጊዜ ያለፈበት ጉዳይ ለአምስት ዓመት ተመልሶ አይቀርብም። ከዚያም ቢሆን ከመጀመሪያው ሳጥን ነው የሚጀመረው፤ ከፊርማው። ያኔ ድንቢጥ ሃያ ዓመቷ ነው።

ጠበቃዋ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። «ይግባኝ የሚባል ነገር አለ… የሆነ ቦታ ይግባኝ ይኖራል…» ትልና ትተወዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከራከረው አጣች። ድንቢጥ አላለቀሰችም። አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ታሽላት ነበር፤ ባለጉዳይዋ የትኛዋ እንደሆነች ለሚያይ ሰው ግራ ያጋባል።

ወደ ቤት ሲሄዱ የድንቢጥ አባት የሠራው ድልድይ ላይ ሲደርሱ እናቷ ቆመች።

«ዝም ብንል ኖሮ…» አለች።

«እማ፣ እንዳትዪው።»

«ቅጽሽን ቀደሽ መታወቂያ ታወጪ ነበር። ቢያንስ ሦስት ዓመት…»

«እንዳትዪው አልኩሽ!» ጮኸችባት። ሰዎች ዞረው አዩ። እሷም ይህንኑ ስታስብ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ፣ ያን ሁሉ ስልክ ስትደውልም ጭምር። ትክክለኛውን ነገር አደረግን ብላ ልትጽናና ብትሞክርም መጽናኛው አልመጣላትም። እስከ ቤት ድረስ ተያይዘው ሄዱ።

ኮሚቴው እናቷን አላባረራትም፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ መጋዘን አዛወራት፣ የደመወዝ እርከኗንም ዝቅ አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ወደ ማባዣ ክፍሉ ስትመጣ እናቷ የወረቀት መቁረጫው ላይ ቆማ አገኘቻት። ትክክለኛዎቹን ስልሳ ሦስት ቅጂዎች እየቆረጠች ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ጀርባው ባዶ የሆነ ወረቀት አይጣልም፤ አራት ቦታ ተቆርጦ የማስታወሻ ብጣሽ ይሆናል። የመቁረጫው ምላጭ ሲወርድ «ለተወለዱትም» የሚለው አንድ ጋ፣ «ይሠራል» የሚለው ሌላ ጋ ይወድቃል።

ድንቢጥ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። የሒሳብ ደብተሯን ሽፋን ከፍታ ቅጿን አወጣች፤ የእጥፋቱን መስመር በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች። እናቷ የመቁረጫውን እጀታ እንደያዘች ቆመች።

«ምዝገባው ሊዘጋ ገና አንድ ቀን አለው» አለች።

«አንድ ቀን ምን ይለውጣል፣ እማ? መፈተን እፈልጋለሁ።»

እስክሪብቶ አወጣች። ሙሉ ስም። የእናት ስም። የትውልድ ቦታ፤ የዚህችን ከተማ ስም ጻፈች። ከዚያ «ዜግነት» የሚለው ሳጥን መጣ። ጠባብ ነው። የዚያችን በካርታ ላይ ብቻ የምታውቃትን አገር ስም እንዳይሰረዝባት ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከግርጌው ፈረመች። ፊርማ ኖሯት ስለማያውቅ እዚያው ፈጠረችው።

«ከቅጂው ጋር ነው የሚቀበሉት» አለችና ዘረጋችላት። «አንድ አባዢልኝ።»

እናቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለቻት። ወደ አሮጊቷ ሄዳ ክዳኑን ከፈተች፤ ቅጿን ግን አላስቀመጠችም። መብራቱ ሥር ይዛ፣ በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከላይ ጀምራ አነበበች። «ዜግነት» ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ታች ቀጠለ፣ ፊርማው ድረስ።

«ሁሉንም አየሁት» አለች። «ስህተት የለበትም።»

ቅጿን መስታወቱ ላይ አስተኛች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ቁልፉን ተጫነች።